ስንደርስ የሚሠራው ማሽን

ሱቄን የዘጋሁት ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ነው። ሰው ግን ሌላ ምክንያት ይፈልግልኛል። ልጄ «ሥራው ራሱ ሞቶ ነው» ትላለች፤ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ «ኪራይ ጨምረውባት ነው» እያለ ያወራል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ዋናው ግን ጉልበቴ ነው። የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ባትሪ ታቅፌ ስወጣ ስወርድ ዕድሜዬን ጨርሼ፣ ዛሬ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ካለው ቤቴ ለመድረስ ደረጃው መሀል ቆሜ የማርፍ ሴት ሆኛለሁ። የሚያልፉኝ ልጆች «እማማ፣ እናግዝዎት?» ይሉኛል። እማማ መባሉን ገና አልለመድኩትም።

ሥራሽ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው በአንድ ቃል መመለስ ያስቸግረኛል። መብራት በሌለበት ቤት ወይም በሚጠፋበት ሰዓት ብርሃን የሚሰጥ ዕቃ መሸጥ፣ መትከል፣ ሲያኮርፍ መጠገን ነበር። መጀመሪያ የመኪና ባትሪ፣ መጨረሻ ላይ ሶላር፤ በመካከሉ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት ፊውል ሴል የሚባል ማሽን። ይህን የመካከሉን ብዙ ሰው አያውቀውም። መጥቶ ሄደ፤ ብዙም ሳይወራለት ቀረ። እኔ ግን ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝም ያስተማረኝም እሱ ስለሆነ፣ ስለ እሱ ካልጻፍኩ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ጋሽ ባዩ ዘንድ የገባሁት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። እናቴ «ያ ሬዲዮ ጠጋኝ ሰው ይፈልጋል» የሚል ወሬ ሰምታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጋሽ ባዩ በቀድሞው ጦር ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከአስፋልቱ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈቱና ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ፣ የመኪና ባትሪ ይሞሉ ጀመር። ያን ጊዜ ወደ እንጦጦ አናት ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ መብራት አልገባላቸውም። ቴሌቪዥን ያለው በመኪና ባትሪ ነበር የሚያየው። ባትሪው ሲያልቅ በአህያ ጭኖ ወይም አዝሎ ያመጣልናል፤ ሞልተን እንመልስለታለን።

ጋሽ ባዩ ሴት ልጅ ባትሪ ትሸከማለች ወይ ብለው አልጠየቁም። «እጅሽን አሳዪኝ» ነው ያሉኝ። ዘረጋሁላቸው። ገለበጡትና የእጄን ጀርባ መታ መታ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ የምትነኪው በዚህ በኩል ነው» አሉኝ። የእጅ ጀርባ ሙቀት ቶሎ ያውቃል፤ ኤሌክትሪክ ቢይዘው ደግሞ ይሸሻል እንጂ አይጨብጥም። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ምጣድ ይሁን የልጅ ግንባር የምነካው በእጄ ጀርባ ነው።

ዕቃ ለሰው ቤት ሲተክሉ ራሳቸው አይገጥሙም ነበር። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና ባለቤቱን ያስገጥሙታል። ሲሳሳት «እህ» ብቻ ይላሉ። ሰውየው ያላበዋል፣ ይነቅላል፣ ይመልሳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ሰው በገዛ እጁ የገጠመውን ዕቃ እንደማይረሳው አየሁ።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ሳይጠሩ መሄድ ነበር። ዕቃ በተተከለ በሳምንት በአሥር ቀኑ፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ እንዲያው በዚያ የሚያልፉ መስለው ጎራ ይላሉ። አንድ ጊዜ አቶ ደምሴ የሚባሉ የላይ ሰፈር ሰው ባትሪያቸውን ተሸክመው እየተራገሙ መጡ።

«ይሄ ባትሪ ሌባ ነው! ሞልታችሁ ትሰጡኛላችሁ፣ በማግስቱ ባዶ ነው።»

ብንፈትሸው ደህና ነው። ሞልተን ሰጠናቸው። ከቀናት በኋላ ጋሽ ባዩ ሱቁን ዘጉና «ነይ፣ እግራችንን እናፍታታ» ብለውኝ ዳገቱን ወጣን። አቶ ደምሴ በር ላይ ሲያዩን ክው አሉ። ገባን። ከባትሪው አንድ ሽቦ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ ሌላው ሽቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጎረቤት ቤት ይገባል። እኔ አየሁ፣ ጋሽ ባዩ አዩ፣ አቶ ደምሴም ማየታችንን አዩ። አፌን ስከፍት ጋሽ ባዩ እግሬን ረገጡኝ።

«አቶ ደምሴ፣ ይሄ ባትሪ ለዚህ ቤት አንሷል» አሉ። «ተለቅ ያለ ቢኖርዎት ነው የሚሻለው። ይሄንን እንወስድልዎታለን።»

ስንወርድ ተናድጄ ነበር። «ሽቦውን ለምን አልነገሯቸውም?»

«ሽቦውን እሳቸው ያውቁታል። እኔ ብነግራቸው የሚጨመረው ማፈር ብቻ ነው። ጎረቤትህ ጨለማ ተቀምጦ አንተ ቴሌቪዥን ስታይ፣ አንድ አምፖል ልሰካ ቢልህ እንዴት እምቢ ይባላል? እኛ ሱቅ መጥቶስ እንዴት ይነገራል?» ጥቂት ሄዱና ቆመው በስሜ ጠሩኝ። «ሙሉ፣ ስትወቅሺ ዕቃን ውቀሺ። ዕቃ አያፍርም።»

ከእሳቸው ጋር ብዙ ዓመት ሠራሁ። መብራት በፈረቃ በሆነበት ዘመን ሲግናል አካባቢ ቢሮ የነበረው አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ቴክኒሻን ፈለገ። ጋሽ ባዩ ራሳቸው ናቸው ሂጂ ያሉኝ፤ ደመወዝ በወሩ የሚከፈልበት ሥራ በሕይወቴ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በጀነሬተር ጩኸት የምትደነቁርበት ጊዜ ነበር። በየእግረኛው መንገድ ላይ አንድ አንድ ጀነሬተር ተቀምጦ ያጓራል፤ ጭሱ ምሳ ቤት ድረስ ይከተልሃል። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ፍሥሐ ይህን አይተው ነው ድምፅም ጭስም የሌለው ማሽን ያስመጡት።

ፊውል ሴሉ ትንሽ ሻንጣ ያክላል። ከጎኑ ሜታኖል የሚባል ፈሳሽ የያዘ ጀሪካን ይገጠምለታል። ፈሳሹን አያቃጥለውም። ከአየር ጋር አገናኝቶ በውስጡ ባለ ስስ ሽፋን ላይ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ የሚተርፈው ሙቀት፣ ጥቂት የውኃ ጠብታና እንደ ሰው እስትንፋስ ያለ አየር ነው። ኤሌክትሪኩ ብዙ አይደለም፤ ግን ባትሪ ጎደል ባለ ቁጥር በራሱ ተነስቶ ቀስ ብሎ ይሞላል። ሚካኤል የሚባል ኢንጂነር ነበረን፤ ልጅ እግር ነው፣ ሥራውን የሚወድ። ለገዢ ሲያስረዳ «ጀነሬተር ይበላል፣ ይጮኻል፣ ያጨሳል። ይሄ ይተነፍሳል» ይል ነበር። ማሽኑ በግራና በቀኝ ጎኑ እንደ ዓሣ ስንጥብ አየር የሚገባበት ክፍተት አለው። ንግግሩን ወድጄለት እኔም በየቤቱ እደግመው ነበር።

ከገዢዎቻችን ውስጥ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር፤ ሲግናል ያለ የአንድ ቸርች ኳየርም ነበረ። ኳየሮቹ በጣም ወደዱት፤ መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ አይቋረጥም፣ በጀነሬተር ድምፅ ላይ መዘመርም ቀረላቸው። ቪዲዮ ቀራጩ ጀሪካኑን አሽትቶ «ይጠጣል እንዴ?» አለኝ። «አንድ ጊዜ ይጠጣል» አልኩት። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ከአረቄ ጋር የሚያሳስት ሽታ ስላለው ከሁሉ በፊት እሱን ነበር የምናስጠነቅቀው። ቀጥሎ አቧራ ነው። አቧራ ውስጥ ከገባ የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ቀይ መብራት ካሳየ አጥፍቶ ማብራት። ያ ነበር ትምህርታችን።

ዘነበችን ያወቅኋት በዚህ ሥራ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው ቤቷ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእንጦጦ እንጨት እየለቀመች፣ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ታች እያወረደች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጅ ያሳደገችው በዚያ ነው። ኋላ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ገብታ ሥልጠና አገኘችና የጫጩት መፈልፈያ ሣጥን ተሰጣት። ሣጥኑ ከጣውላ የተሠራ፣ በአምፖል የሚሞቅ ነው። ጎረቤቶቿ የዶሮዎቻቸውን እንቁላል ያመጡላታል፤ የማን እንደሆነ በከሰል ምልክት ታደርግበታለች፤ በሦስት ሳምንቱ ጫጩት ትመልሳለች፤ ከሚፈለፈለው ላይ ድርሻዋን ታስቀራለች። ችግሩ መብራቱ ነው። የእንጦጦ ብርድ ለእንቁላል ምሕረት የለውም። ለዚህ ነው ማኅበሩ ከኛ አንድ ማሽን የገዛላት።

ልተክልላት የሄድኩ ቀን ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለ፣ በላብ የጠቆረ ገመድ አየሁ።

«ይሄ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«እንጨት የማስርበት ነበር። ወዴት እንደማልመለስ እንዳልረሳ ሰቅዬዋለሁ» አለችኝ። ትከሻዋን ገለጥ አድርጋ ገመዱ የበላትን ጠባሳ አሳየችኝ።

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ራሷን አስገጠምኳት። አንድም አልተሳሳተች። «አቧራ ጠላቱ ነው፤ እንዳያገኘው አደራ» አልኳት። «እኔ ቤት አቧራ? በኔ ጣይው!» አለች። እውነቷን ነው፤ ቤቷ እንደ መስታወት ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የውኃ ማሰሮው ሳይቀር እሷ የሠራችው ዳንቴል ለብሷል። በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ዓይኔን አልያዘኝም፤ ደስ ይላል ብዬ ወጣሁ።

በወሩ ደወለች። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይነሳል፤ ከዚያ ሳይቆይ ቀይ አብርቶ ይተኛል። አጥፍታ ስታበራው ይነሳል፤ ደግሞ ይተኛል። ከመጀመሪያው ዙር የተወሰነ እንቁላል ተበላሽቶባታል። በድርጅቱ ደንብ መሠረት ደውዬ፣ ቀን ቆርጬ፣ መኪና ይዤ ሄድኩ። ማሽኑ አረንጓዴ አብርቶ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ከመብራቱ ነቅዬ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፤ አልጠፋም። ተመለስኩ። በሳምንቱ ደወለች፤ ያው ነው። ደውዬ ሄድኩ፤ ያው ደህና ነው።

«ሙሉዬ፣ አንቺን ሲያይ ይፈራል መሰለኝ» አለችኝ። ሳቅን። ውስጤ ግን አልሳቀም።

ሚካኤል ከፍታው ነው ብሎ ጠረጠረ። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የሚተነፍስ ማሽን ደግሞ ስስ አየር ይከብደዋል። ያለ ምክንያት አልነበረም። ማሽኑን አምጥተን በሌላ ቀየርንላት። እሱም ያው ሆነ፤ እኛ ስንደርስ ይሠራል፣ ስንወጣ ይጠፋል።

አንድ እሑድ ጋሽ ባዩን ልጠይቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ጤናቸው ላላ ብሎ ሱቅ ውስጥ ጋቢ ለብሰው ነበር የሚውሉት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ከመሄድሽ በፊት ትደውያለሽ?»

«አዎ፣ ደንብ ነው።»

«እንግዲያው ያየሽው ማሽኑን አይደለም። እንግዳ የተቀበለሽን ቤት ነው።»

እንዴት እንደዚህ ያለ ነገር ጠፋኝ ብዬ በራሴ ተናደድኩ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፤ ቅዳሜ ሳልደውል እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ቅዳሜ ደግሞ ሁለተኛው ዙር የሚፈለፈልበት ቀን ነው፤ ጫጩቶቹንም አያለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ የላይ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጠለ። እኔ ይህን አላወቅኩም፤ ሲግናል መብራት ነበረ። ዘነበችም አልደወለችም፤ ስልኳ ከመብራቱ ጋር ነው የሞተው።

ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ዘነበች ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እንቁላሎቹን ከነትሪው አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ አቅፋቸዋለች፤ በገላዋ ልታሞቃቸው። አንዳንዱ ላይ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ መንቁሩን አውጥቶ ነበር። ሁሉም ቀዝቅዘዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑን ስታጠፋ ስታበራ ከርማ፣ ባትሪውም አምፖል ማብራት እስኪያቅተው ተሟጦ፣ በመጨረሻ ድካም ጣላት። «ስነቃ እንደ በረዶ ሆነው አገኘኋቸው። ማሽኑን አሁንም አስነስቼው ነበር፤ ያው ተኛ» አለችኝ። ድምፅ አውጥታ አታለቅስም፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። ደጃፉ ላይ ገመዱ ከሚስማሩ ወርዶ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አየሁት፤ ያን ሰዓት ግን ስለ ገመድ አላሰብኩም።

ማሽኑ በርጩማው ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ቁጭ ብሏል። ልክ በመጠኑ የተሠራ፣ ዳር ዳሩ የወይን ዘለላ ያለበት፣ አቧራ በክሩ ቀዳዳ እንዳያልፍ ከውስጥ ገበር የተሰፋለት ነው። ከፊቱ ቁልፉ ጋ ብቻ በጣት ገለጥ ይላል። ቀዩ መብራት በክሩ ውስጥ ይታያል። በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ያቃጥላል። ሁለቱም የአየር መግቢያዎቹ ገበሩ ሥር ናቸው።

ወዲያው ገባኝ። እኔ ስደውል ዳንቴሉን ታነሳለች፤ ባለሙያ ልብስ የለበሰ ማሽን አይፈትሽም፣ ይህን ማንም ያውቃል። እኔ ስወጣ መልሳ ታለብሰዋለች። አቧራ ጠላቱ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ አደራዬን ጠብቃለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቁላሉን እየጠበቀች ከሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ የሠራችው ይህንን ነበር።

ከውጭ የሰው ድምፅ መጣ። ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ካርቶንና ቅርጫት ይዘው ጫጩቶቻቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። ዘነበች ትሪውን አስቀምጣ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ደጅ ወጣች። የእማማ ጥሩነሽ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ የሰፈሩ አንደበት እሳቸው ናቸው።

«ሞቱ? ሁሉም? ምነው ዘነበች፣ ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«መብራት ባይኖር ማሽን አለኝ ብለሽን አልነበር?» አለች ሌላዋ።

እኔ ውስጥ ቆሜያለሁ። ወጥቼ እውነቱን ብናገር የሚሆነውን አየሁት። ዘነበች በገዛ እጇ አፍና ገደለቻቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ ከዚያ ሰፈር አንድ እንቁላል የሚሰጣት የለም። እንቁላል ከሌለ ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ያለው እንጨቱ ነው። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ የዚያን ዕለት ፍርዱ በኔ አፍ ላይ ነበር። ዳንቴሉን ከማሽኑ ላይ አወጣሁ፣ አጠፍኩት፣ የመፍቻ ቦርሳዬ ውስጥ ከታች ከተትኩትና ወጣሁ።

«ጥፋቱ የማሽኑ ነው» አልኩ። «ዘነበች የተነገራትን ሁሉ አድርጋለች። ድርጅታችን ሌላ ይተካላታል።»

እማማ ጥሩነሽ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ማሽኑን ማነው ያመጣው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ቅርጫታቸውን ባዶውን ይዘው፣ እኔን እያሙ፣ ዘነበችን «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ሄዱ። ይተካላታል ያልኩት ማንም ሳይፈቅድልኝ ነበር።

ሰኞ ዳንቴሉን አቶ ፍሥሐ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። «ያፈነችው እሷ ናት! በምን ሕግ ነው የምተካው?» ብለው ጮኹ። የነጋዴ ነገር ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሚካኤል ዳንቴሉን አንስቶ ለማሳያ ለተቀመጠው ማሽን አለበሰውና አስነሳው። ሻያችንን ሳንጨርስ ቀዩ በራ።

«ጋሽ ፍሥሐ» አለ፣ «ይሄ በሁሉም ቤት ነው የሚሆነው። እናቴ ቤት ሪሞቱ እንኳ ላስቲክ ለብሷል። ይተነፍሳል እያልን ስናወራ አትሸፍኑት ብለን የነገርነው ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም።»

አቶ ፍሥሐ ግንባራቸውን አሹ። እሳቸውም ቤት የቴሌቪዥን ልብስ ሳይኖር አይቀርም። በመጨረሻ «ታድሶ የመጣውን ስጧት» አሉ። ሚካኤል በየማሽኑ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ አሠራ፤ «አትሸፍኑኝ፣ እተነፍሳለሁ» ይላል። በሁሉም ላይ ይለጠፍ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ በእሷ ላይ ብቻ ቢሆን ስድብ ይሆን ነበር።

ተተኪውን ማሽን ይዤ ስሄድ እንደ ልማዴ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ዘነበች በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠረችው። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጽሑፉን አነበበች። ጨርሳ ጣቷን ሳታነሳ ቆየች።

«ጥሩ ነው። ይተንፍስ» አለችና ሽቦውን መግጠም ጀመረች።

ስለ ዳንቴሉ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። መመለስ መናገር ስለሚሆንብኝ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ለተወሰነ ጊዜ እንቁላል የሚያመጣላት አልነበረም። ከዚያ ራሳቸው እማማ ጥሩነሽ ጥቂት እንቁላል በጨርቅ ቋጥረው መጡ። «ማሽኑ ተቀየረ አሉኝ። መቼም ማሽን እንደ ባል ነው፤ የመጀመሪያው ክፉ ቢሆን ሁለተኛው ይክሳል» አሉ። የእሳቸው ሲፈለፈል ሌሎቹም ተከተሉ።

ፊውል ሴል ራሱ ግን ብዙ አልኖረም። ጀሪካኑ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን በቀላሉ አይጭነውም፤ አንድ ወር ይመጣል፣ ሦስት ወር ይጠፋል። ኳየሮቹ እያዘኑ ወደ ጀነሬተር ተመለሱ። ሚካኤል ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አቶ ፍሥሐ የቀሩትን ማሽኖች ወደ መጋዘን አስገብተው የኮንዶሚኒየም በርና መስኮት ማስመጣት ጀመሩ። እኔ ወደ ጋሽ ባዩ ሱቅ ተመለስኩ። ዘነበችም ጀሪካኑ ሲጠፋ ሶላር ገባች፤ የተከልኩላት እኔው ነኝ።

ለጋሽ ባዩ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ዳንቴሉስ?» አሉኝ።

«እኔ ጋ ነው።»

«የሰው ሥራ ነው፤ መመለስ አለብሽ።»

«ምን ብዬ?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አሉ። በዚያው ዓመት ዐረፉ። ሱቁን እኔ ያዝኩት፤ ዳንቴሉ መሳቢያ ውስጥ ኖረ።

ሱቄን የምዘጋበት ሳምንት ዕቃ በካርቶን ስከት ዘነበች መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ልጆቿ ሥራ ይዘዋል፤ መፈልፈያዋ ዛሬ ሦስት ሣጥን ነው። ከፌስታል ውስጥ አንድ ዳንቴል አወጣችና መደርደሪያው ላይ ላለው ለጋሽ ባዩ ሬዲዮ አለበሰችው። ልክ ነው። ከኋላው ሙቀት በሚወጣበት በኩል ግን ክሩ አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ መስኮት ትታለታለች። ገበር የለውም። ሬዲዮውን ከፈተችና ጥቂት ቆይታ የእጇን ጀርባ ኋላው ላይ አሳረፈች። እኔ ቤቷ ውስጥ ስሠራ አይታ የያዘችው መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

መሳቢያውን ከፍቼ የድሮውን አወጣሁና ሰጠኋት። ዘረጋችው፤ የወይን ዘለላውን ዳሰሰችው።

«ሥራዬስ ጥሩ ነበር» አለች። «ያበላሸው ገበሩ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ቀን። ሰዎቹን ሸኝቼ ስገባ ማሽኑ ራቁቱን ነው። ሌባ ቴሌቪዥን ትቶ ዳንቴል አይወስድም።»

«ለምን ዝም አልሽኝ ታዲያ?»

«ምን ልበል? አንቺ ሳትደርሺ ገመዴን አውርጄ ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሰዎቹን አናግሬ ወደ ጫካው ልወጣ። አንቺ ወጥተሽ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ስትዪ፣ ገመዱን መልሼ ሰቀልኩት።»

እዚያው ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ አጠገቤ ቆማ አሮጌውን ዳንቴል በአራት አጥፋ ፌስታሏ ውስጥ ከተተችው።

«ገመዱስ አለ?» አልኳት ዓይኔን እየጠረግኩ።

«አለ» አለች። «ልብስ አሰጣበታለሁ።»